አሮጊቷን መኪና ላሳድሳት ወይስ ልገላገላት?

ባለፈው ዓመት ከባሕር ዳር ስመለስ ነው። የዓባይን በረሃ ከደጀን ወርጄ ድልድዩን ተሻገርኩ። ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ስያያዘው የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ነካ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል። ሁለት እረኞች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንደኛው «ሞተች?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መኪናዋ በፈረንጆቹ የ1998 ሞዴል ኮሮላ ናት። ቆጣሪዋ 412,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ተጎትታ አዲስ አበባ ገባች። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ አንድ ወጣት ኮፈኑን ከፍቶ አየ፤ እጁን እንኳ አላስነካም። «ቴስታታው ሄዷል። ሞተር ይወርዳል» አለ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ በዚያው ማታ ደላላ ጋ ደወልኩ። ደላላውም አልራራልኝም።

ደግነቱ ሁለት ቀን ተኛሁበት። በሦስተኛው ቀን የሆነውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ግን ያን ሰሞን የተማርኩትን፣ ከዚያም ወዲህ ለዘመድ ለወዳጅ መኪና ስማከር የምከተለውን ቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

እዚህ አገር ሒሳቡ ለምን ይለያል?

ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። ችግሬን ስነግረው አላመነታም፤ «ጣላትና ሌላ ግዛ» አለኝ። ለእሱ ትክክል ነው። እነሱ ጋ የመካኒክ የአንድ ሰዓት ክፍያ ከ100 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው፤ አሮጌ መኪና ደግሞ ርካሽ ነው። ስለዚህ «ጥገናው የመኪናዋን ዋጋ ግማሽ ካለፈ አትጠግን» የሚል መመሪያ አላቸው።

እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። የእጅ ዋጋ ከዕቃው አንጻር አነስተኛ ነው። መኪናው ነው ውዱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና መለዋወጫው ሁሉ አብሮ ተተኮሰ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌላ አገር ቢሆን ለብረት ማቅለጫ የምትሄድ መኪና እዚህ ጠዋት ታጥባ፣ ማታ ትሸጣለች።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ጉልበት የሚበዛበት ሥራ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ላሜራ፣ ሞተር ማውረድና መግጠም፣ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) የሚሄድ ሥራ። ዕቃው የሚበዛበት ግን ያቃጥላል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ የሞተር ኮምፒውተር፣ የኤቢኤስ ፓምፕ። የወንድሜ ሒሳብ ከዚህ በትክክል ተቃራኒው ነው።

መጀመሪያ፦ በተበላሸችበት ቀን አትወስኑ

መኪና ጉድ የሠራችው ሰው ተናዷል፣ ተርቧል፣ ቀጠሮ አምልጦታል። እንዲህ ያለ ሰው ወይ «የፈለገውን ያህል ይውጣ፣ ብቻ ሥሩልኝ» ይላል፣ ወይ በተጠራለት ዋጋ ይሸጣል። ሁለቱም ከኪስ የሚያስወጣ ነው። መኪናዋን ቤት አስገቡና ሁለት ሦስት ቀን ታክሲ ያዙ።

በዚያ መሃል ሁለት ነገር ሥሩ። አንደኛ፣ ያለፈውን አንድ ዓመት ተኩል ያወጣችሁትን ሁሉ ጻፉ። ደረሰኝ የሌለውን ከቴሌብርና ከባንክ መልእክቶቻችሁ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛ፣ ከጻፋችሁ በኋላ ያንን ገንዘብ እርሱት። እንዴት? ትሉ ይሆናል። የጻፍነው ምን እንደተቀየረ ለማወቅ ነው፤ አምና አዲስ ሾክ አብዞርበር ገብቶላት ከሆነ ዘንድሮ አያሰጋም። ገንዘቡ ግን ሄዷል። «ይህን ያህል አውጥቼባት እንዴት እሸጣታለሁ» የሚለው ሐሳብ ስንቱን ሰው ለሁለተኛ ዙር አስወጥቶታል።

ሁለተኛ፦ ከሞተሩ በፊት አጥንቷን እዩ

ሰው ሁሉ ኮፈን ይከፍታል። እኔ ግን ከታች ጀምሩ እላለሁ። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። የተበላ አካል ግን ልብስ ላይ ልብስ እንደመጣፍ ነው።

መኪናዋን ጉድጓድ ላይ አስወጧትና ባትሪ መብራትና ካቻቢቴ ይዛችሁ ግቡ። የወለሉን ላሜራ፣ የጎን ተሸካሚውን፣ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ የሚታሰሩበትን ቦታ፣ የኋላ አክስሉ የሚያያዝበትን በካቻቢቴው ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። ጤነኛ ላሜራ «ቅጭ» ይላል። የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም ብረቱ ይበሳል። ላይ ላዩን ቀይ የሆነ ዝገት አያስደነግጥም፤ ተፍቆ ቀለም ይቀባል። እንደ ቅርፊት የሚነሳው ነው ክፉው።

ከአውሮፓ የመጡ መኪኖችን በተለይ ከሥር በደንብ እዩ። እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ላሜራን ከሥር ነው የሚበላው። ከላይ አዲስ ቀለም ተቀብታ ስታብረቀርቅ፣ ከታች ወንፊት የሆነች መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። ከዱባይ የመጣችው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥር ንጹሕ ናት፤ ጎማ ነክ የሆነው ዕቃዋን ግን ሙቀቱ ጨርሶታል።

ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብረት በሆነው አካሏ ላይ አስኪዱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሥር ስቱኮ አለ። ፓራፋንጎ ላይ ከሆነ የከተማ ግጭት ነው፣ እለፉት። በር የሚያርፍበት ምሰሶ ላይ ወይም ጣሪያው ጥግ ላይ ከሆነ ግን ተገልብጣ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ባትላሜራ (የአካል ጠጋኝ) ጠርታችሁ አሳዩ።

አጥንቷ ተበልቶ ከሆነ የቀረውን ምርመራ ተዉት። ሞተሯ ሰዓት ቢሆን እንኳ ገንዘባችሁን ከዚያች መኪና ላይ አንሱ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሦስተኛ፦ ሞተሩ በእርግጥ ሞቷል?

ሰፊው ክፍል ይሄ ነው፤ የሚዋሸውም እዚህ ላይ ነው። «ሞተር ይወርዳል» የሚለውን ቃል ማንም ሰው ሳይለካ ከተናገረው አትቀበሉት።

ጠዋት፣ ሌሊቱን ቆማ በደንብ ከቀዘቀዘች በኋላ ጀምሩ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ እዩ። የጠቆረ ዘይት ችግር አይደለም። ከደረጃው በታች ወርዶ ከሆነ ግን ወይ ያፈሳል ወይ ትጠጣለች። ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ክፈቱና ከሥሩ እዩ። የማኪያቶ ቀለም ያለው አረፋ ከሆነ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ቸኩላችሁ ግን አታልቅሱ። በክረምት፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ መኪና ክዳኗ ላይ በእርጥበት ብቻ ትንሽ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ማኪያቶ ከሆነ ነው ነገሩ የከፋው።

ቀጥሎ አንድ ሰው ያስነሳ፣ እናንተ ከኋላ ማርሚታው ጋ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ስትነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ከቫልቭ ጎሚኒዎች ነው፤ ቀላል ነው። ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የሚከተል ሰማያዊ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደክሟል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በሴንሰር፣ በአየር ማጣሪያ ወይም በካርቡራተር ማስተካከያ ያልቃል። ነጭ ጭስ በጠዋት ብርድ እንፋሎት ነው፣ ይጠፋል። ሞቃ እንኳ የማይጠፋ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ ያለው ወፍራም ነጭ ጭስ ግን ኩላንቱ እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ያኔ ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ጠርጥሩ።

ከዚያ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ልኬት አስደርጉ። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ መለኪያው በየተራ ይገጠማል፣ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዞራል። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ ውሳኔያችሁን የሚለውጠው ግን እሱ ነው። የአራቱን ሲሊንደር አራት ቁጥር ጻፉ። ከቁጥሮቹ ትልቅነት ይልቅ መቀራረባቸው ነው ዋናው። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካላለፈ ሞተሩ በእኩል አርጅቷል፤ ገና ይሠራል። አንዱ ብቻ ከወደቀ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ይደረግና እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ ማሠራት ይበቃል። ሙሉ ሞተር ከማውረድ ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) መሆን አለበት የተባለ ኮምፕሬሽን እዚህ 135 ወይም 140 ቢያሳይ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የስልክ ስክሪን ይዞ «ይኸው 180 ይላል፣ ያንተ 138 ነው፣ ሞተርህ አልቋል» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

አሁን ወደ ኮሮላዬ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። መጀመሪያ ለኩ። አራቱም ቁጥር ተቀራራቢ። ራዲያተሩን ከፍተው ሞተሩን አስነሱ፤ ውሃው ውስጥ አረፋ የለም። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጠው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይኸውልህ በሽታዋ» አሉ። የክዳኑን ጎሚኒ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን ሲያደርጉት እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በእኛ ከፍታ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ ጤነኛ ክዳን ያለው ራዲያተር ከ110 ዲግሪ በላይ ይችላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ግን ያቺ መኪና ዳገት ላይ የተጣደች ጀበና ናት። የእኔዋ ደግሞ በዚያ ላይ ራዲያተሯ በዝገት ተደፍኖ ነበር።

«ቴርሞስታቱስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሱማ የለም። ማን እንዳወጣው እግዜር ይወቅ።»

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደው ቫልቭ) ማውጣት እዚህ አገር እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። መኪና ሞቀች? አውጣው! ሞተሩ ግን ሳይሞቅ ብዙ ይሄዳል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። ክዳን፣ ራዲያተር ማሳጠብ፣ ቴርሞስታት፣ ኩላንት። ሁሉም ተደምሮ የሁለት ጎማ ዋጋ አልሞላም። ያ ወጣት ያወርድልኝ የነበረው ጤነኛ ሞተር ነው።

ዘይት ስለምትጠጣ መኪናም አንድ ቃል። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የምትጠጣ መኪና አሮጊት ናት እንጂ ሟች አይደለችም። የዓመቱን የዘይት ወጪ አስሉና ከእድሳቱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ አንድ ጣሳ ዘይት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዞ መዞር ይረክሳል። አንዳንዱ ሞተር ደግሞ ከአፈጣጠሩ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ2005 በፊት የተሠሩት ዋን ዜድዜድ የሚባሉት የኮሮላ ሞተሮች በዘይት መጠጣት የታወቁ ናቸው። ባለቤት ሆናችሁ ከሆነ መለኪያውን በየሳምንቱ ማየት እንጂ ሌላ አማራጭ የለም። ዘይት አልቆባት ብሮንዚኗ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መቀመጫ) ካንኳኳ በኋላ ነው ውድ የምትሆነው።

ካምቢዮና ፍሪሲዮን

ማንዋል ከሆነች ብዙም አትጨነቁ። ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ክላች፣ የሚያልቅ ዕቃ ነው። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጧት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ይቀየራል፣ ያልቃል።

አውቶማቲክ ከሆነች ግን ቆም በሉ። ዘይቱን እዩ፤ ቀይና ንጹሕ ከሆነ ጥሩ፣ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጡ ተጎድቷል። ማርሽ ስትቀይር የምትዘገይና ከዚያ በድንጋጤ የምትገፋ ከሆነም እንደዚያው። ያገለገለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠም እድል ሙከራ ነው። ሻጩ ቢያንስ የአንድ ወር ዋስትና በጽሑፍ ካልሰጣችሁ አትግዙ። ብዙ ጊዜ «እንዳለች ሽጧት» የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜዋን የማይወስኑ ነገሮች

የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቦል ጆይንት፣ ሾክ አብዞርበር። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ረጅም ሊስት ይሠራሉ፣ ሰውም ሊስቱን አይቶ «በቃ አለቀላት» ይላል። አላለቀላትም። ይህ ሁሉ ለማንኛዋም መኪና የሚወጣ ወጪ ነው፤ የምትገዟትም ታስወጣችኋለች። ፍሬንና መሪ ግን ሒሳብ ውስጥ አይገቡም። መጠገን ካልቻላችሁ አትንዷት።

በቀበቶ የሚሠራ ሞተር ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁ አሁኑኑ አስቀይሩ። በአብዛኛው 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ዕድሜው። ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭ ያጣምማል።

ወረቀትና እስክሪብቶ

አሁን ሦስት ዓምድ ሥሩ። «አሁን ካልተሠራ የማትሄድበት»፣ «በዓመት ውስጥ የሚመጣ»፣ «ቢቀርም የሚቻል»። ያገኛችሁትን ሁሉ ደርድሩት። የመጨረሻውን ዓምድ ለጊዜው ሸፍኑት፤ ቀለምና የወንበር ልብስ እዚያ ነው ያሉት።

ዋጋውን ራሳችሁ ጠይቁ። ለዕቃ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ቢያንስ ሦስት ሱቅ አዳርሱ። «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል እዚያ ብዙ ትርጉም አለው፤ ኦሪጅናል ያገለገለ፣ ኦሪጅናል የመሰለ፣ ኦሪጅናል ካርቶን። የድሮውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ። ዕቃዋ በሦስት ሱቅ ከጠፋ ያ ራሱ መልስ ነው። ለኮሮላ፣ ለቪትዝ፣ ለሃይሉክስ ዕቃ አይጠፋም። ብርቅ የሆነ የአውሮፓ መኪና ከሆነች ግን ለአንድ ሴንሰር ሁለት ወር ልትቆም ትችላለች። በመኪናዋ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የቆመችበት ቀን ሁሉ ወጪ ነው፤ ጻፉት።

ሒሳቡን በምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ በእናንተ ሰፈር ዋጋ ተኩበት። ጤነኛ ብትሆን 1,200,000 ብር የምትሸጥ መኪና አለች። እንዳለች፣ ተበላሽታ፣ 750,000 ሰጧችሁ። የመጀመሪያው ዓምድ 220,000 ነው፤ ሁለተኛው 90,000። ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ሩቡ ነው ወይስ ግማሹ? ጥያቄው እሱ አይደለም። 310,000 አውጥታችሁ ዋጋዋ በ450,000 ጨምሯል። ለመሸጥ ብታስቡ እንኳ መጠገኑ ያዋጣል።

ቁጥሮቹን ገልብጡት። የመጀመሪያው ዓምድ 400,000፣ ሁለተኛው 200,000 ይሁን። አሁን 600,000 አውጥታችሁ የምታገኙት 450,000 ነው። 150,000 ከኪሳችሁ ወጣ። ይህም ሆኖ ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ሸጣችሁ ምን ትገዛላችሁ? 750,000ው ላይ ያንን 600,000 ጨምራችሁ 1,350,000 ያዛችሁ። ከዚያ የደላላ፣ የስም ማዛወሪያ ይቀነሳል። በቀረው የምትገዟት መኪና ምናልባት የእናንተው እኩያ ናት፤ ልዩነቱ የእሷን ታሪክ አለማወቃችሁ ነው። ቆጣሪዋ 140,000 ሲል የፍሬን መርገጫዋ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቆጣሪው ተነካክቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ሳትሆን አትቀርም አሮጌ መኪና በአሮጌ መኪና የቀየረችው። ለዚህ ነው እኔ፣ አጥንቷ ጤነኛ ከሆነ፣ ትንሽ ኪሳራ ቢኖረውም ወደ መጠገን የማደላው። በእጄ ያለችውን አውቃታለሁ።

ነዳጁንም አስቡት። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትበላ የነበረች መኪና 12 ሊትር ከጀመራት፣ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው በወር 40 ሊትር ትርፍ ነው። በዛሬው ዋጋ አባዙት። አንዳንዴ ጥገናው በስድስት ወር ራሱን ይከፍላል።

ከወሰናችሁ በኋላ

ልሸጥ ካላችሁ ችግሯን ተናግራችሁ ሽጡ። የኮምፕሬሽኑን ወረቀት አሳዩ። ደላላ «ዝም በል» ይላችኋል፤ ነገር ግን ገዢው መካኒክ ይዞ እንደሚመጣ አትርሱ። ውሉ ላይ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩ በትክክል ይጻፍ፣ ስሙም ቶሎ ይዛወር። በስማችሁ የቀረች መኪና አደጋ ብታደርስ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ነው።

ላሠራ ካላችሁ ከመካኒኩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእጅ ዋጋው ስንት፣ ዕቃ ማን ይገዛል፣ ስንት ቀን። የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ እንዲመለስላችሁ ንገሩ። «ምን ያደርግልሃል?» ቢሏችሁ «ለልጆች መጫወቻ» በሉ፤ ብቻ ተቀበሉ። ቴስታታው ከወረደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥታነቱ መለካቱን አረጋግጡ። ሳይለካ ጓርኒሲዮን ብቻ ተቀይሮ የተመለሰ ቴስታታ በሦስት ወሩ ይመለሳል።

ያገለገለ ሞተር ልትገጥሙ ከሆነ አንድ ነገር እንዳትዘነጉ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተመዝግቧል። አዲሱ ሞተር ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለው፣ ቁጥሩም በሊብሬው ካልተስተካከለ ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱም ስትሸጡም ትያዛላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ሻጩ «ችግር የለውም» ካለ ችግር አለው።

የታደሰ ሞተር እስኪላመድ ድረስ አታስጩኹት። የመጀመሪያውን ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቀይሩ። የወጣውን ዘይት በነጭ ሳህን ላይ አይታችሁ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ካለ ወዲያው ወደ ሠራው ሰው ተመለሱ። ያቺን ባለ ሦስት ዓምድ ወረቀትም አትጣሏት። እኔ ደብተር ላይ ለጥፌያታለሁ፤ ቀንና ኪሎ ሜትር እየጻፍኩ የተሠራውን እሰርዛለሁ።

ኮሮላዬ አሁን 431,000 ደርሳለች። ባለፈው ወር እንጦጦ ዳገት ላይ ሞተሩ ጮኾ እሷ አልሄድ አለች። ደላላ ጋ አልደወልኩም። ደብተሩን ከዳሽቦርዱ ኪስ አውጥቼ ገለጥኩ። «ፍሪሲዮን» ይላል፣ ሁለተኛው ዓምድ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ።